የሚያሳስታቸው ሰው ያጡት የተከበሩ አባል

የአገር ታሪክ ሲጻፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች በደማቅ ቀለም ይመዘገባሉ፤ ሕሊናቸውን የሸጡና «አንሸጥም» ብለው ደረታቸውን የነፉ። ሦስተኛ ዓይነት ሰዎች መኖራቸውን ግን ማንም ጸሐፊ አያነሣም። እነዚህ «አንሸጥም» ለማለት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ሲጠብቁ ገዢ ያልመጣላቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ መታሰቢያ ይሁን።

የታሪካችን ባለቤት ከእነዚህ አንዱ፣ ምናልባትም አለቃቸው ነው። የምክር ቤት አባል በመሆኑ «እሳቸው» ልንለው ደንቡ ያዛል። ሆኖም ከመሐላው ቀን በቀር እንዲህ ብሎ የጠራው ስለሌለ፣ ብንለውም ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ወደ ኋላው ስለሚዞር፣ «እሱ» እያልን እንቀጥላለን። ስሙንም ማስታወስ አያስፈልግም፤ ባልደረቦቹም አያስታውሱትም። «ባለ ምሰሶው» ይሉታል።

ባለ ምሰሶው የተባለው በመቀመጫው ነው። የምክር ቤቱን አዳራሽ ጣሪያ ስድስት ምሰሶዎች ተሸክመውታል። አምስቱ ግድግዳ ተጠግተው ሥራቸውን በትሕትና ይሠራሉ። ስድስተኛው ግን፣ ንድፉ ሲሳል ሻይ ፈሶበት ነው የሚሉ አሉ፣ ሦስተኛው ረድፍ መካከል ላይ ተገትሯል። ሁለት ጎልማሶች ተያይዘው አያቅፉትም። ከኋላው አንዲት ወንበር አለች። እሷ ላይ የተቀመጠ ሰው ግራ ቀኙንና ኋላውን ያያል፤ ግራ ቀኙና ኋላውም ያየዋል። መድረክ ላይ ያለው አፈ ጉባኤ ግን አያየውም። ከመድረኩ ሥር ቆማ የወጣ እጅ የምትቆጥረው ሠራተኛም አታየውም። እሱም እነሱን አያይም፤ መንግሥትን የሚያውቀው በድምፅ ብቻ ነው። እዚህች ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል።

ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ቆጣሪ ነበር። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ጆንያ ተሳስቶ አያውቅም። የደረሰበትን ንቀትም እንደ ጆንያው ነው የሚቆጥረው፤ አንዷም አትጠፋበትም። የመጀመሪያዋ የመክፈቻው ቀን ፎቶግራፍ ናት። ጋዜጣው ላይ ሁለት መቶ አሥር አባላት ጥርሳቸው ሳይቀር ወጥተዋል። ከምሰሶው በግራ በኩል አንድ ጆሮ፣ ከሥሩ ደግሞ የአንድ ጫማ ጫፍ ይታያል። ጋዜጣውን ይዞ እየሮጠ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «ይቺ ጆሮ የእኔ ናት!» አላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ ስፒል ስለነበረ ሳትስቅ ቀረች። አጠገቡ የሚቀመጠው ዶክተር ግን በአደባባይ፣ «ምሰሶው ጆሮ አወጣ» ብሎ ሃምሳ ሰው አሳቀበት። የዶክተርነቱ ሙያ ምን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ ሰውየው ግን ዶክተር ነው።

እንዲህ ባለ ሰላማዊ ሁኔታ አገር ስትመራ ቆይታ አንድ ቀን ደሴቲቱ መጣች።

ደሴቲቱ በሩቅ ባሕር መካከል ያለች ድንጋይ ናት። የሰሜኑና የደቡቡ የሚባሉ፣ የእኛ ሰው በካርታ ላይ እንኳ ጣቱን በትክክል የማያሳርፍባቸው ሁለት መንግሥታት ይጣሉባታል። የእኛ ምክር ቤት በዚህ ምን አገባው የሚል ሰው ቢኖር ስለ ዲፕሎማሲ ያለውን የግንዛቤ እጥረት ነው የሚያጋልጠው። «የደሴቲቱ ወዳጆች ማኅበር» የሚባል በሰሜኑ መንግሥት የሚደገፍ ድርጅት ከተማችን መጥቶ ቢሮ ከፈተ። ዓላማው በሠሌዳው ላይ እንደተጻፈው «የተከበሩ የሕዝብ እንደራሴዎችን አድማስ ማስፋት» ነበር። ሰዎቹ የመጡት ደሴቲቱ የሰሜኑ ናት የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለማስጸደቅ ነው ብሎ የሚያማ አለ። ሐሜት ነው። እውነትም ነው።

አድማስ የማስፋቱ ሥራ ወዲያው ተጀመረ። አባላቱ በሃያ በሃያ እየሆኑ ሰሜን ደርሰው መጡ። ሲሄዱ ኮት ይዘው ነው፤ ሲመለሱ የቆዳ ቦርሳ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ብዕርና ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ይዘው ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የእውቀታቸው ፍጥነት ነበር። በምርጫ ክልላቸው ያለው ድልድይ መቼ እንደፈረሰ የማያውቅ ሰው በአራት ቀን ውስጥ ደሴቲቱ ላይ ነፋስ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ የሚናገር ሆነ። አንዱማ በሻይ ሰዓት ስለ ደሴቲቱ እያወራ አለቀሰ።

«ስንት ሰው ይኖርባታል?» ብሎ ጠየቀ ባለ ምሰሶው፣ እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ።

«ሰው የለም» አለው ዶክተሩ። «ወፍ ነው ያለው። ግን ወፎቹ በታሪክም ሆነ በሥነ ልቦና የሰሜን ናቸው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ወንድሜ፣ መጽሐፉን አላነበብከውማ!»

«አልሰጡኝማ።»

«አልሰጡህም?» ዶክተሩ ስኒውን አስቀመጠ። «ጉዞውስ? ቁርሱስ? ቦርሳውስ?»

«ምንም።»

«እንግዲህ እነሱ የሚሰጡት ለ…» ብሎ ጀመረና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ተወው።»

ያቺ «ተወው» ለባለ ምሰሶው ከጆሮና ከጫማው ፎቶግራፍ ቀጥላ ተመዘገበች። ሁለት መቶ አሥር ሰው ሲታለል አንድ እሱን መዝለል ምን ማለት ነው? ይህ ምን ዓይነት ንቀት ነው? ጉቦ እንቢ የሚል ሰው ክቡር ነው፤ ጉቦ ያልቀረበለት ሰው ግን ምንድን ነው? እሱ እኮ ተዘጋጅቷል። ከተመረጠበት ሳምንት ጀምሮ ባለ ካሬ ደብተር ላይ የጻፈውና በቃሉ የያዘው የእንቢታ ንግግር አለው። «እኔ ሕሊናዬን በሥጦታ የምለውጥ ሰው አይደለሁም! በመጡበት እግርዎ ይመለሱ! ለላኩዎትም ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ሰው አጋጠመኝ ብለው ይንገሩልኝ!» ይላል። «እንዲህ ያለ ሰው» ሲል እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። መስታወት ፊት ሲለማመደው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የቀረው የሚያቀርብለት ሰው ብቻ ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን መደርደሪያም ባዶ አድርጎታል።

«ይሄ ለምንድን ነው የተለቀቀው?» አለችው ሚስቱ።

«እንዲያው ይናፈስ ብዬ።»

ሚስቱ የስፌት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መደርደሪያውን ለካች። «ልክ የዶክተሩን ቦርሳ ያህል ነው የሚናፈሰው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ሰላምታዋ አንድ ሆነ።

«መጡ?»

«እነማን?»

«የሚያታልሉህ ሰዎች።»

«ማታለል አይባልም። ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ አስጨበጡህ?»

«አልመጡም።»

«አይዞህ፣ ይመጣሉ። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ለነገ ልተኩሰው። ድንገት ቢመጡ ተጨማደህ እንዳያገኙህ።»

አልመጡም። በየቀኑ የደብዳቤ ሳጥኑን ከፈተ። የስብሰባ ጥሪና የመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ እንጂ ሌላ አላገኘም። በመጨረሻ ማኅበሩ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የቁርስ ጉባኤ ማዘጋጀቱን ሲሰማ ሳይጠራ ሄደ። ለራሱ የነገረው «የሚሠሩትን ልሰልል» ብሎ ነው። ለመሰለል ደግሞ ከረባት አሰረ።

በሩ ላይ ዝርዝር የያዘች ሴት ነበረች።

«ስምዎ የለም።»

«የምክር ቤት አባል ነኝ እኮ።»

ሴትየዋ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች፣ ሦስተኛውን ገለጠች፣ ፊቱን አየች። ፊቱ ላይም አላገኘችውም። «የማን ሹፌር ነዎት?»

«የማንም!»

«ችግር የለም፣ ለሹፌሮችም ቁርስ አለ» ብላ «ሹፌር» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፈችለት፤ ልክ «እንዲህ ያለ ሰው» ሲል እጁን የሚያሳርፍባት ቦታ ላይ።

የሹፌሮቹ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጎን ነበር። ሻይ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል። አንድ ጠና ያለ ሰው፣ የዶክተሩ ሹፌር፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«አዲስ ነህ? ማንን ትነዳለህ?»

«እኔ እንኳ አባል ነኝ» አለ ባለ ምሰሶው።

«ሁላችንም አባል ነን፤ ጠጣ።» ሰውየው ሻይ ቀዳለትና ትክ ብሎ አየው። «ሸሚዝህ እንዴት ያምራል በል! ኮሌታው እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል። ማነው የሚተኩስልህ?»

ባለ ምሰሶው ኮሌታውን ዳሰሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሸሚዙን ያየለት ሰው አልነበረም። «ባለቤቴ ናት» አለ።

«ቡሩክ እጅ ነው ያላት።»

ለመሰለል መምጣቱ ትዝ ሲለው ስለ ደሴቲቱ ጠየቀ።

«የእኛ ጋራዥ ትበልጣታለች» አለ የዶክተሩ ሹፌር።

«ታዲያ በምኗ ነው የሚጣሉት?»

«ከሥሯ ዓሣ አለ። ከዓሣው ሥር ደግሞ ነዳጅ አለ። አለቆቻችን ገና ወፉ ላይ ናቸው።»

«ይሄን ሁሉ ከየት አወቃችሁ?»

«ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲያወሩ እንሰማለን። ምክር ቤቱም ጋ ማረፊያችን ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ስብሰባው ሲያልቅ መኪና እንድናስነሣ ብለው የተከሉት። ቀኑን ሙሉ እናዳምጣለን። ጌታዬ፣ ይሄን አገር ከእኛ በላይ የሚከታተለው የለም።»

ባለ ምሰሶው ከዚያ ክፍል ሲወጣ በሕይወቱ ካገኘው ሁሉ የተሻለ መረጃ ይዞ ነበር። ይዞት የወጣው ቅያሜ ግን «ሹፌር» ተባልኩ የሚለውን ነው። ሰው ሆኖ ለመረጃ ሲል ቂሙን የሚተው ማን ነው?

በዚህ መካከል ማኅበሩ አንድ ችግር ገጠመው። ሐሳቡ ለቅድመ ውይይት በቀረበ ቀን አባላቱ «አራተኛው አጀንዳ ሲደርስ እጅ አውጡ» ተብለው ነበር። ጠዋት ላይ ቅደም ተከተሉ ተቀየረና አራተኛው አጀንዳ የዶሮ ክትባት ሆነ። ከጉዞ የተመለሱት እንደራሴዎች በሙሉ እጃቸውን አውጥተው የዶሮ ክትባቱን በእንባና በጭብጨባ አጸደቁት። ደሴቲቱ ስትደርስ ደክሟቸው ስለነበር አንድም እጅ አልወጣም። የሚባለውን የሚያዳምጥ አልነበረምና አጀንዳ መናገር ዋጋ አጣ፤ የሚታይ ምልክት አስፈለገ።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የባለ ምሰሶው በር ተንኳኳ።

የመጣው የማኅበሩ አማካሪ ነበር፤ የውጭ ሰው አይደለም፣ የአገራችን ልጅ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። እጁ ላይ የቆዳ ቦርሳ አለ። ባለ ምሰሶው ቦርሳውን ሲያይ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ በዓይኗ «መጡልህ» አለችው።

ሻይ ቀረበ። ባለ ምሰሶው ከመቀመጫው ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጡበትን ጉዳይ አውቀዋለሁ» አለ። «እኔ ሕሊናዬን በሥጦታ የምለውጥ ሰው አይደለሁም! በመጡበት እግርዎ —»

«ሕሊናዎን አይደለም» አለ አማካሪው በትሕትና። «ወንበርዎን ነው።»

«ምን?»

«ወንበርዎን። ለአንድ ቀን። ደሴቲቱ ዘጠነኛ አጀንዳ ሆና በምትቀርብበት ቀን እርስዎ ቤትዎ ቢያርፉ፣ የእኛ ባለሙያ እዚያ ይቀመጣል። ከምሰሶው ጎን እጁን ሲያወጣ አባላቱ እጃቸውን ያወጣሉ። ተነግሯቸዋል። ሰው ሁሉ የሚያየው፣ አፈ ጉባኤው ግን የማያየው ሌላ ቦታ አዳራሹ ውስጥ የለም። ስድስት ወር አጥንተነዋል።»

ንግግሩ ውስጥ ስለ ወንበር የተጻፈ አልነበረም። ባለ ምሰሶው እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ድምፄስ?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ከቀረሁ ድምፄ ይጎድላል እኮ።»

አማካሪው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አፈረ፤ በእውነት አፈረ። ከቦርሳው የአዳራሹን ንድፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቆጣሪዋ ከምትቆምበት ቦታ የተነሡ ቀይ መስመሮች በየወንበሩ ሄደዋል። አንደኛው ምሰሶው ላይ ሲደርስ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ሆና አታይዎትም። ቃለ ጉባኤውን በሙሉ አንብበናል። ምክር ቤቱ ሙሉ በሆነ ቀን ሁሉ የተገኘ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ የተቆጠረ ሁለት መቶ አሥር ይላል። ከጎኑ ‹አንድ አባል ለጊዜው ወጣ ብለዋል› ተብሎ ተጽፏል።»

«ሁልጊዜ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

ልብ በሉ። የገዛ አገሩ ምክር ቤት፣ የገዛ ወገኑ፣ የመረጠው ሕዝብ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ዶክተር አንድ ሰው መጉደሉን አላወቁም። ያወቁት ባሕር ማዶ ያሉ፣ ድንጋይ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ለዚህ አገር ቃለ ጉባኤ እንዲህ የሚጨነቅ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

አማካሪው ቦርሳውን ወንበር ላይ ትቶ ሊወጣ ሲል የባለ ምሰሶው ሚስት በሩ ላይ ደርሳ ቦርሳውን መለሰችለት። እንደሄደ ባለ ምሰሶው ስታሾፍበት ጠበቀ። አላሾፈችም። ከሚተኮሱት ልብሶች መካከል አንዱን ሸሚዝ አነሣች።

«እኔ ታዲያ» አለች፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሸሚዝ የተኮስኩት ለጊዜው ወጣ ላለ ሰው ነው?»

ይህን ጊዜ ባለ ምሰሶው ታሪካዊ ውሳኔ ላይ ደረሰ። በዘጠነኛው አጀንዳ ቀን ይሄዳል። ከምሰሶው ጎን ወጥቶ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ ቆጣሪዋ ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ እንዳታመልጠው አድርጎ ይቃወማል። የሚቃወመው የደሴቲቱን ጉዳይ መርምሮ ነው እንዳንል ደብተሩ ላይ ስለ ደሴቲቱ አንድ ቃል የለም። የሚቃወመው ቀሪ ሁን ስላሉት ነው። አንዴ ብቻ መቆጠር ፈልጎ ነው። ከዚህ ባነሰ ምክንያት ስንት ጀግና ሐውልት ተሠርቶለታል።

ቀኑ ደረሰ። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ገቢ እሱ ሆነ። ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ይሄ የእኔ ቦታ ነው» አለ ሰውየው።

«የእኔ ነው።»

«ዛሬ ያርፋሉ ተብዬ ነበር።»

«ጤነኛ ነኝ።»

ግራጫው ኮት አዳራሹን ቃኝቶ፣ ጠባቂዎቹን አይቶ ወጣ።

አጀንዳዎቹ አሥራ አራት ነበሩ። እስከ ስምንተኛው ድረስ እንደወትሮው አለፉ፤ ግማሹ አባል እንቅልፍ ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ነበር። ዘጠነኛው ሲጠራ ግን አንዱ ሌላውን ጎሰመ፣ ሌላውም ቀጣዩን። የተኙት ተቀሰቀሱ። አንገት ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ።

«ደሴቲቱን የሚመለከተውን የውሳኔ ሐሳብ የሚደግፉ?» አለ የአፈ ጉባኤው ድምፅ።

ባለ ምሰሶው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንድም እጅ አልወጣም። ሁለት መቶ አሥር ሰው ያየዋል። ቂሙ አማካሪው የነገረውን ምልክት ከሐሳቡ አጥፍቶት ስለነበር፣ ከሁሉ በፊት የመጣለት፣ «በመጨረሻ አወቁኝ» የሚለው ነበር። ዶክተሩ እንኳ በትልልቅ ዓይኖቹ እንደ ተማሪ ያየዋል።

«የሚደግፍ የለም?» አፈ ጉባኤው ግራ ገባው። «እሺ… የሚቃወሙ?»

ባለ ምሰሶው ተነሣ። ከምሰሶው ጎን ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ቆመና እጁን ጣሪያው ድረስ ዘረጋ። አዳራሹ እንደ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ወፎቹን አስታውሶ ያለቀሰው አባልም አወጣ፤ ዶክተሩ ቦርሳውን መሬት ጥሎ ሁለቱንም እጁን አወጣ።

ቆጣሪዋ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። በሥራ ዘመኗ ጽፋው የማታውቀውን ቁጥር ጮክ ብላ ጠራች። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ!»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አንድ ጆንያ ቆጣሪ የባሕር ማዶ መንግሥትን ለብቻው አሸነፈ ብለን በኩራት እንለያይ ነበር። ግን አባላቱ ምሰሶውን እዩ ተብለዋል፤ ማየት ተዉ ያላቸው የለም።

አሥረኛው አጀንዳ የአዳራሹ መጋረጃ ይቀየር የሚል ነበር። ባለ ምሰሶው ላብ ስላጠመቀው፣ ልክ «የሚደግፉ?» ሲባል እጁን አንሥቶ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። መጋረጃው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አሥራ አንደኛው የአባላቱ አበል በግማሽ ይቀነስ የሚል፣ አንድ ተስፋ የቆረጠ ሰው በየዓመቱ የሚያቀርበውና በየዓመቱ የሚሳቅበት ሐሳብ ነበር። ባለ ምሰሶው የዘጠነኛው ድል ሽንቱን ስላጣደፈው ለመውጣት ፈቃድ ሊጠይቅ ከምሰሶው ጎን ወጥቶ እጁን አወጣ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ!» አለች ቆጣሪዋ፤ ለምዳዋለች።

አዳራሹ በራሱ ደነገጠ። እጄን ያወጣሁት ተሳስቼ ነው የሚል ግን አልተገኘም። ዶክተሩ ወዲያው ማይክሮፎን ይዞ መሪዎች ለሕዝብ ሲሉ ስለሚከፍሉት መሥዋዕትነት አንድ ሩብ ሰዓት ተናገረ፤ መካከል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ እውነተኛ ኀዘን ነበር።

ባለ ምሰሶው አሁን ነገሩ ገባው። በድንጋጤ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው አጀንዳ የሚደግፍ ሲባል ዜሮ፣ የሚቃወም ሲባል ዜሮ፣ ድምፀ ተአቅቦ ሲባል ዜሮ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ምክር ቤቱ ጉዳዩን በጥልቅ አስተውሎት ተመልክቶታል» ተብሎ ተጻፈ።

ሰዓቱ ሄደ። አሥራ አራተኛው አጀንዳ ረዥም ነበር፤ አንባቢው እያነበነበ ሳለ ከላይ ከሰገነቱ የጋዜጣው ፎቶግራፍ አንሺ አንገቱን አወጣ። ያው የድሮው ነው፤ ጠጉሩ ብቻ ሸብቷል። የዕለቱ ጀግና ማን እንደሆነ አይቷል።

«ጋሼ!» አለ በሹክሹክታ ጩኸት። «ባለ ምሰሶው! ወጣ ይበሉልኝ እስቲ። ፊትዎን ወደዚህ። እንደ ቅድሙ እጅዎን ከፍ!»

አንድ ጆሮና የአንድ ጫማ ጫፍ ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። ሳቁም ተሰማው። ይህን ጥሪ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆታል። ተነሣ፣ መተላለፊያው ላይ ወጣ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፍቶ ፈገግ አለና እጁን ከፍ አደረገ።

«…የሚደግፉ?» ይል ነበር የአፈ ጉባኤው ድምፅ።

መብራቱ ብልጭ አለ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ!»

ኮሪደሩ ላይ አማካሪው ጠበቀው። የተቆጣ አልነበረም፤ የሙያ ባልደረባውን የሚያደንቅ ሰው ፊት ነበረው።

«ጌታዬ፣ ያላችሁን በጀት አናውቅም» አለው። «እኛ ስድስት ወር፣ አሥራ አንድ ጉዞ፣ ሁለት መቶ አሥር ቦርሳ ፈጅቶብን ያላገኘነውን እርስዎ በአንድ እጅ አገኙት። እንዲያው በወንድምነት ይንገሩኝ፤ ለማን ነው የሚሠሩት?»

«ለሕዝብ» አለ ባለ ምሰሶው።

አማካሪው ማስታወሻውን አወጣ። «የየትኛው አገር?»

በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግታ አየችው። ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ጆሮው፣ ሁለት ጫማው፣ የተዘረጋ እጁ፣ ከኋላው የእጆች ጫካ።

«ተቆጠርክ?» አለች።

«ተቆጠርኩ። ሦስት አራት ጊዜ።»

«ጥሩ ወጥተሃል። ሸሚዙም ይታያል።» ዝቅ ብላ ከሥሩ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችው። «‹ምክር ቤቱ ከምሰሶው ጀርባ ያለችው ወንበር ለእይታ ስለማትመች ተነሥታ በምትኳ የአበባ ማስቀመጫ እንዲተከል፣ ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ አባል ካለም ጉባኤውን ከሹፌሮች ማረፊያ በድምፅ ማጉያ እንዲከታተል በሙሉ ድምፅ ሲወስን።›»

ባለ ምሰሶው ጋዜጣውን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። «ካለም» የምትለዋ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ለመመዝገብ አሰበና ተዋት፤ እጁን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ሚስቱ ካውያውን ሰካች። እጇን በአየር ላይ እንዳቆመች ዞር ብላ አየችው።

«ለነገ ሸሚዝ ልተኩስልህ ወይስ ይቅር?»

ጋዜጣውን አጠፈው።

«ተኩሺ» አለ። «ሹፌሮቹ ያያሉ።»